መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ያለበትን ታማሚ ሆስፒታል ውስጥ እንዴት እናስታምም? ዝርዝር መመሪያ

የካልቸር (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ውጤቱ መጥቶ "ባክቴሪያው መድኃኒት ተላምዷል" ተብላችኋል። አልጋው ራስጌ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ጓንትም ተሰጥቷችኋል። ከዚያ በኋላ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸዋል።

ስለዚህ አስታማሚ በገባው መጠን ይለፋል። ቀኑን ሙሉ ጓንት አድርጎ ይውላል። ወለሉን በበረኪና ያጥባል። ግን በዚያው ጓንት ስልኩን ያነሳል፣ የታማሚውን ከንፈር ያረጥባል፣ ለጎረቤት አልጋ ታማሚም ትራስ ያቃናል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚዛመቱት እንዲህ፣ በእጅና በዕቃ ንክኪ ነው።

ጽዳት የሚወድ ሰው እንኳ የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። እጁን ይታጠባል፣ ግን በማይሆን ሰዓት። ከዚህ በታች ያለውን በተራ ተከተሉ። የሆስፒታሉ ባለሙያዎች ለእናንተ ታማሚ የተለየ ነገር ካዘዙ ደግሞ የእነሱን ስሙ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ጠይቁ። መልሱን በደብተር ጻፉ። በቃል የተያዘ ነገር በሦስተኛው ቀን ይጠፋል።

1. የባክቴሪያው ስም ማን ነው? ጥንቃቄው በዓይነቱ ይለያያል። ኤምአርኤስኤ የሚባለው በቆዳና በአፍንጫ ውስጥ መኖር ይወዳል። ክሌብሲዬላና ኢ. ኮላይ አንጀት ውስጥ ስለሚኖሩ ከሽንትና ከሰገራ ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ተጠንቀቁ። አሲኔቶባክተር በደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የአልጋ ብረትና ኮሞዲኖ የሚያሰጉት በዚህ ምክንያት ነው።
2. ባክቴሪያው አሳምሞታል ወይስ ታማሚው ተሸካሚ ብቻ ነው? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ተሸካሚ ማለት ባክቴሪያው ቆዳው ወይም አንጀቱ ላይ አለ፣ ግን ሕመም አላመጣም ማለት ነው። ተሸካሚ ብዙውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ጥንቃቄው ግን ለሁለቱም ያው ነው።
3. የተገኘው ከየት ነው? ከደም፣ ከሽንት፣ ከቁስል ወይስ ከአክታ?
4. እኔ ምን ልልበስ? ጓንት ብቻ ነው ወይስ ጋዋንም ጭምር? ማስክስ?

ቀጥሎ ራሳችሁን አዘጋጁ። ጥፍራችሁን ቁረጡ። ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር አውልቁ፤ ከሥራቸው ያለውን ቆዳ ውኃም አልኮልም በደንብ አያገኘውም። እጅጌያችሁን እስከ ክርን ሰብስቡ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኑ።

ከ60 እስከ 80 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ተጠቅመው የሚጥሉት ሶፍትና የቆሻሻ ፌስታል አጠገባችሁ ይኑር። ሳኒታይዘሩን በእጅ በሚደረስበት ቦታ አስቀምጡ። ቦርሳ ውስጥ ያለ ሳኒታይዘር የለም ማለት ነው፤ ለማውጣት ቦርሳውን መንካት አለባችሁና።

ደረጃ 1፦ እጅ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ በትክክል መሥራት ከቻላችሁ ይሄኛውን ሥሩ።

መቼ? የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ወቅቶችን ያስቀምጣል። ለአስታማሚ እንዲህ ሊባሉ ይችላሉ።

1. ታማሚውን ከመንካታችሁ በፊት። ከደጅ ስትገቡ ብቻ አይደለም፤ ስልክ አውርታችሁ ስትመለሱም ነው።
2. ንጹሕ መሆን ያለበትን ነገር ከመንካታችሁ በፊት፦ ምግብ ከማጉረስ፣ መድኃኒት ከማዋጥ፣ ቱቦ ከመያዝ በፊት።
3. ሽንት፣ ሰገራ፣ ደም፣ ትውከት ወይም የቁስል ፈሳሽ ከነካችሁ በኋላ። ጓንት አድርጋችሁ ቢሆንም።
4. ታማሚውን ከነካችሁ በኋላ።
5. ዕቃውን ብቻ ከነካችሁ በኋላ። የአልጋውን ብረት ይዞ መቆም ይቆጠራል። ኮሞዲኖውን ማስጠጋትም ይቆጠራል። ብዙ ሰው "አልነካሁትም እኮ" የሚለው እዚህ ላይ ነው።

በምን? እጃችሁ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ በሳኒታይዘር አሹ። ቆሻሻ ከታየ በውኃና በሳሙና ታጠቡ። ታማሚው ተቅማጥ ከያዘው ሁልጊዜም በውኃና በሳሙና ታጠቡ። አንቲባዮቲክ ሲወሰድ የሚመጣ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ አለ። የእሱን ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ተኝቶ የሚቆይ ቅርጹን) አልኮል አይገድለውም። በእሽታና በውኃ ታጥቦ መሄድ አለበት።

እንዴት?

1. እፍኛችሁ እስኪሞላ ሳኒታይዘር አድርጉ። ጠብታ አይበቃም።
2. መዳፍ ከመዳፍ አሹ። ከዚያ የአንዱን መዳፍ በሌላው ጀርባ ላይ።
3. ጣቶቻችሁን አጠላልፋችሁ በመካከላቸው አሹ።
4. አውራ ጣታችሁን በሌላው እጅ ጨብጣችሁ አዙሩ። ሁለቱንም።
5. የጣቶቻችሁን ጫፍ ሰብስባችሁ በሌላኛው መዳፍ ላይ አሽከርክሩ።
6. እስኪደርቅ አትጥረጉት። በአጠቃላይ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይወስዳል። በውኃና በሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ።

አንድ ሰው ሲታጠብ ልብ ብላችሁ እዩት። መዳፉን ደጋግሞ ያሻል። አውራ ጣቱና የጣቶቹ ጫፍ ግን አረፋ እንኳ ሳይነካቸው ይቀራሉ። ቱቦ የምንይዘው፣ ክኒን የምናነሳው፣ ዓይን የምንጠርገው በእነሱ ነው። ስለዚህ 4ኛውንና 5ኛውን አትዝለሉ።

ቧንቧውን በታጠበው እጃችሁ አትዝጉ። እጃችሁን ባደረቃችሁበት ሶፍት ይዛችሁ ዝጉት።

ሲበላሽ፦
- ውኃ ከጠፋና እጃችሁ ከቆሸሸ፣ መጀመሪያ በእርጥብ ሶፍት ጠርጉት፣ ከዚያ በሳኒታይዘር አሹ። ውኃ እንደተገኘ ታጠቡ።
- እጃችሁ ከተሰነጠቀ ችላ አትበሉ። የተሰነጠቀ ቆዳ ባክቴሪያ ያስቀምጣል፤ ሲያቃጥላችሁም መታጠብ ታቆማላችሁ። በፍል ውኃ አትታጠቡ፤ ስታርፉ ቅባት ተቀቡ።
- ባለሙያ እጁን ሳያጸዳ ታማሚውን ሊነካ ከሆነ በትሕትና አስታውሱት። "ይቅርታ፣ ሳኒታይዘሩ ይኸውና" ማለት ይበቃል። ይሉኝታ ይይዛል፣ አውቃለሁ። ግን ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው።

ደረጃ 2፦ ጓንትና ጋዋን

ጓንት ለአንድ ሥራ ነው። ዳይፐር ቀይራችሁ በዚያው ጓንት ፊት አትጥረጉ። ጓንትን አጥባችሁ ወይም ሳኒታይዘር ቀብታችሁ ደግማችሁ አትጠቀሙ። ጓንት ላይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖር ስለሚችል የእጅ ጽዳትን አይተካም።

ስትለብሱ፦ እጅ አጽዱ፣ ጋዋን ልበሱ፣ ጓንቱን የጋዋኑ እጅጌ ላይ ደርባችሁ አጥልቁ።

ስታወልቁ ተጠንቀቁ። አደጋው ያለው ማውለቁ ላይ ነው።

1. የአንዱን ጓንት ውጪኛ ክፍል አንጓ አካባቢ በሌላው ጓንት ቆንጥጡ። ገልብጣችሁ አውልቁት።
2. የወለቀውን ጓንት ባደረገው እጃችሁ ጨብጡት።
3. ባዶውን ጣት በቀረው ጓንት ውስጥ፣ ከቆዳው ጎን አስገቡ። ገልብጣችሁ አውልቁት። አንዱ በሌላው ውስጥ ተጠቅልሎ ይወጣል።
4. ጣሉት። እጃችሁን አጽዱ።
5. ጋዋኑን ከኋላ ፍቱት። ውጪው ወደ ውስጥ እንዲሆን እየጠቀለላችሁ አውልቁ።
6. እጃችሁን እንደገና አጽዱ።

ይህን ሁሉ ከክፍሉ ወይም ከአልጋው አካባቢ ሳትርቁ ጨርሱ። ጓንት አድርጋችሁ ኮሪደር ላይ አትታዩ። ጓንት ከተቀደደ ሥራውን አቁሙ፣ አውልቁ፣ እጅ አጽዱ፣ አዲስ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ ቱቦዎች

ወደ ሰውነት የገባ ማንኛውም ቱቦ ለባክቴሪያ በር ነው። በሩን መዝጊያው ዋና መንገድ ደግሞ ቱቦው ሳያስፈልግ አንድ ቀን እንኳ እንዳይቆይ ማድረግ ነው። ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ "ይሄ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። በየቀኑ። አሰልቺ ብትባሉም ጠይቁ። በእኔ እምነት አስታማሚ ለታማሚው ሊያደርግለት ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ይህ ጥያቄ ነው። የሽንት ካቴተር (ሽንት ለማስወጣት ወደ ፊኛ የሚገባ ቱቦ) በቆየ ቁጥር ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በቀን ከ3 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

የሽንት ካቴተር ካለው፦

1. ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው በታች ይሁን። ወለል ግን አይንካ። የአልጋው ብረት ላይ ስቀሉት።
2. ታማሚው ወደ ራጅ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ሲወሰድ ከረጢቱን ሆዱ ላይ አታስቀምጡ። ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ በየዋርዱ የሚታይ ስህተት ነው።
3. ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ታማሚውም እንዳይተኛበት እዩ።
4. ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ አፍስሱት።

ስታፈሱ፦ እጅ አጽዱ፣ ጓንት አድርጉ። ለዚህ ታማሚ ብቻ የተለየ ዕቃ ያዙ። የከረጢቱን መክፈቻ ወደ ታች አዙራችሁ ክፈቱ። አሁን ዓይናችሁን ጫፉ ላይ አድርጉ፤ ጫፉ የዕቃውን ጠርዝ መንካት የለበትም። ፈሶ ሲያልቅ ዝጉት፣ ጫፉን በአልኮል ጥጥ ጥረጉ። መጠኑን መዝግቡ። ዕቃውን ድፉና እጠቡ፣ ጓንቱን አውልቁ፣ እጅ አጽዱ። የሁለት ታማሚዎችን ሽንት በአንድ ዕቃ ተራ በተራ ማፍሰስ ባክቴሪያውን ለጎረቤት ማድረስ ነው።

ሲበላሽ፦
- ቱቦው ከከረጢቱ ከተለያየ እናንተ አትግጠሙት። ጫፎቹ ምንም ነገር እንዳይነኩ አድርጋችሁ ነርስ ጥሩ።
- ሽንት መውረድ ካቆመ መጀመሪያ ቱቦው መታጠፉን እዩ። ካልታጠፈ ወዲያው ንገሩ። በውኃ ለማጠብ አትሞክሩ።
- ሽንቱ ስለደፈረሰ ወይም ስለሸተተ ብቻ አንቲባዮቲክ ይሰጠው አትበሉ። ካቴተር ባለበት ሰው ይህ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሆድና የጎን ሕመም ካለ ግን ንገሩ።

ክንዱ ላይ ካኑላ (መድኃኒትና ግሉኮስ የሚሰጥበት፣ ደም ሥር ውስጥ የገባ ትንሽ ቱቦ) ካለው፣ ጠዋትና ማታ በብርሃን እዩት። መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅ፣ ሕመም ወይም ፕላስተሩ ሥር እርጥበት ካለ ለነርሷ ንገሩ። ግሉኮሱን ራሳችሁ አትንቀሉ፤ መልሳችሁም አትቀጥሉት። ነርሷ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት የካኑላውን መግቢያ በአልኮል ማሸት አለባት።

በማሽን የሚተነፍስ ታማሚ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማለት አለበት። አልጋው ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት ጠይቁ። የአፍ ጽዳቱንም ማን እንደሚሠራ እወቁ።

ደረጃ 4፦ ናሙና

ትክክለኛው መድኃኒት የሚመረጠው በካልቸር ነው። የተበላሸ ናሙና የተሳሳተ መድኃኒት ያመጣል።

ዋናው ሕግ ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰዱ ነው። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ ላያድግ ይችላል። አዲስ አንቲባዮቲክ ሊጀመር ሲል "ካልቸር ተወስዷል?" ብላችሁ ጠይቁ። ታማሚው በጣም ከተዳከመ ግን ናሙና ይቅደም ብላችሁ መድኃኒቱን አታዘግዩ። ያኔ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ታማሚው ራሱ መሽናት ከቻለ የሽንት ናሙና እንዲህ ይወሰዳል።

1. እጅ ታጠቡ። የዕቃውን ክዳን ለመክፈት አትቸኩሉ።
2. ብልቱን በውኃ ያጽዳ። ሴት ከሆነች ከፊት ወደ ኋላ ትጥረግ።
3. የመጀመሪያው ሽንት ሽንት ቤት ውስጥ ይፍሰስ። መካከሉን በዕቃው ተቀበሉ።
4. የዕቃውንና የክዳኑን ውስጥ በጣት አትንኩ። ወዲያው ክደኑ።
5. ስም፣ ቀንና ሰዓት ጻፉ። በ2 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ካልተቻለ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲቀመጥ ነርሷን ጠይቁ። መስኮት ላይ ፀሐይ የመታው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ውጤቱም ያሳስታል።

ካቴተር ካለው ከከረጢቱ ቀድታችሁ አትስጡ። ነርሷ ከቱቦው ናሙና መውሰጃ ቦታ በመርፌ ትወስዳለች።

የሚረሳው ቀጣዩ ነው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ይወስዳል፤ የደም ካልቸር እስከ 5 ቀን ሊጠበቅ ይችላል። ወረቀቱ መጥቶ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ሊቀር ይችላል። የተሰጠበትን ቀን ጻፉ። በ2ኛው ቀን ጠይቁ። ውጤቱ ሲመጣ "አሁን የሚወስደው መድኃኒት ይሠራበታል ወይስ ይቀየራል?" በሉ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቱ

"በየ8 ሰዓቱ" ማለት ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ማለት አይደለም። ሌሊትም አንድ ጊዜ አለ ማለት ነው። የስልክ ማንቂያ ሙሉ። የተሰጠበትን ሰዓት መዝግቡ። አንድ ዙር ካለፈ ወዲያው ለነርሷ ንገሩ፤ ቀጣዩን እጥፍ አድርጎ መስጠት የለም።

"ጠንከር ያለ መድኃኒት ይሰጠው" ብላችሁ አትጫኑ። የዓለም ጤና ድርጅት አንዳንድ አንቲባዮቲኮችን ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ብቻ ለመጠቀም በመጠባበቂያነት ለይቷቸዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኮሊስቲን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ታማሚው እነዚህን ከጀመረ የሽንቱን መጠን ተከታተሉ፤ ከቀነሰ ንገሩ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ ቀለል ያለ ሲቀይረው ደግሞ አትደንግጡ። ውጤቱን አይቶ መቀየሩ መልካም ሥራ ነው።

ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ መርፌው እየተሰጠም ቢሆን ጮክ ብላችሁ ተጣሩ።

ደረጃ 6፦ የአልጋው ዙሪያ

ወለል ላይ አትድከሙ። እጅ የሚያርፍበትን ጥረጉ፦ የአልጋ ብረት፣ ኮሞዲኖ፣ የነርስ መጥሪያ፣ የበር እጀታ፣ የፖፖ መያዣ፣ ስልካችሁ። ማን እንደሚያጸዳ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሥራው የእናንተ ከሆነ፦

1. መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ጥረጉ። ቆሻሻ ባለበት በረኪና በደንብ አይሠራም።
2. 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ ለተራ ዕቃ 1 ስኒ በረኪና በ49 ስኒ ውኃ በጥብጡ። ደም ወይም ሰገራ ለፈሰሰበት 1 ስኒ በ9 ስኒ ውኃ። መቶኛውን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፤ ሌላ ከሆነ ልኩ ይቀየራል።
3. ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ጥረጉ።
4. የተረፈውን በነጋታው ድፉት። ኃይሉ ይቀንሳል።

በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መስኮት ክፈቱ። ታማሚው ላይ አትርጩ፣ ቆዳም አትጠቡበት።

አንሶላ ስትቀይሩ አታራግፉ። ጠቅልላችሁ በቀጥታ ፌስታል ውስጥ ክተቱ።

ደረጃ 7፦ ጠያቂ

ጤነኛ ጠያቂ ብዙም አያሰጋውም፤ ታማሚውን አታግልሉት። ሲገባም ሲወጣም እጁን ያጽዳ፣ አልጋው ላይ አይቀመጥ፣ ከዚህ ተነስቶ ሌላ ታማሚ ዘንድ አይሂድ። ቁስል ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመምጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ወዲያው ባለሙያ የሚያስጠሩ ምልክቶች

ተራ ጠብቁ ቢባልም አትጠብቁ፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ወይም ከ36 በታች የሆነ ሙቀት፣ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ በደቂቃ ከ22 በላይ ትንፋሽ፣ ድንገት መቀባዠር ወይም ከእንቅልፍ አለመንቃት፣ የሽንት በጣም መቀነስ፣ የቀዘቀዘና የተዥጎረጎረ ቆዳ። "ሴፕሲስ ይሆን እንዴ?" ብላችሁ በስሙ ጠይቁ፤ ሴፕሲስ ማለት ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ የራሱን አካላት ሲጎዳ የሚመጣ ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ቤት

1. ከመውጣታችሁ በፊት የባክቴሪያው ስም፣ የማይሠሩበትና የሚሠሩበት መድኃኒቶች የተጻፉበት ወረቀት ተቀበሉ። በስልክ ፎቶ አንሱት።
2. የታዘዘውን መድኃኒት እስከተባለው ቀን ስጡ። ከተረፈ አታስቀምጡ፤ ለሌላም ሰው አትስጡ።
3. ቤት ውስጥ እጅ መታጠብ ይበቃል። ጋዋን አያስፈልግም። ፎጣና ምላጭ ለብቻው ይሁን። በሰገራ ወይም በቁስል ፈሳሽ የቆሸሸ ልብስ ለብቻው ይታጠብ፤ ጨርቁ ከቻለ በ60 ዲግሪ ውኃ።
4. ተሸካሚነቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ታማሚው በሌላ ጊዜ የትኛውም ሆስፒታል ሲገባ፣ ካርድ ከመውጣቱ ጀምሮ ይህን ወረቀት አሳዩ። ካልተናገራችሁ የሚጀመርለት መድኃኒት ባክቴሪያው የተላመደው ራሱ ሊሆን ይችላል።